ከካቢኔቱ ሥር

በኅዳር ኮትካ ላይ ፀሐይ ቤተኛ አይደለች፤
እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ብቅ ብላ ትሄዳለች፤
ዘጠኝ ተኩል ሲል መርከቡም ወደቡም ጥቁር ነው፤
ማእድ ቤቱን ያሳደስነው በዚህ ወር ነው።

አሮጌው ካቢኔት፣ በሠርጋችን ዓመት በእጄ የሠራሁት፣
በሩ የላላ፣ መሳቢያው በጉልበት የሚከፈት፣
ወጥቶ በጭነት መኪና ሄደ።
ራይሊ አላየችውም። ጀርባዋን ሰጥታ ድንች ላጠች።
ልጣጩ ወፍራም ነበር። እሷ፣ በድንች የምትቆጥብ ሴት!

አዲሱ መጣ፤ ነጭ፣ እጀታ አልባ፣ ሲገፉት የሚከፈት፣
እንደ ሐኪም ቤት የጸዳ፣ እንደ ሐኪም ቤት ሰው የሚጠፋበት።
"ከሥሩ መብራት ይፈልጋል" አለ ገጣጣሚው ኦንኒ።

ሱቅ ሄድኩ። ቬሳ የሚባል ጢሙ ያልሞላ ልጅ ስለ ብርሃን ሰበከኝ፦
"ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ኬልቪን፣ መልኩ ቅቤ ነው፤
ሦስት ሺህ ለሳሎን፣ አራት ሺህ ለቢላዋ ሥራ ነው።"
አርባ ዓመት በፋብሪካ የወረቀት ንጣት በዓይኔ የለካሁ፣
ሦስት ዓይነት ነጭ ይዤ እንደ ጀማሪ ግራ ተጋባሁ።
ከሦስቱም ቁራጭ ገዛሁ፤ ትራንስፎርመር፣ የአሉሚኒየም ቦይ፣
ወተት የመሰለ መሸፈኛ፣ ብሎን፣ የሚሾር ማብሪያ።

ማታ አንገቴን ሰብሬ ሦስቱን ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው፤
ሽቦውን በጥርሴ ላጥኩት (ለኦንኒ እንዳትነግሩት)።
"ራይሊ፣ ነይ ምረጪ።"
መጣች፤ እጇን ጠርዙ ላይ አሳረፈች።
ቆመች። ቆየች።
"መካከለኛው" አለች። "እሱ ይሻላል። ለስለስ ያለ ነው።"

መካከለኛው አልበራም ነበር።
ሽቦው ከመያዣው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤
ግራና ቀኙ ሲያበሩ እሱ እንደ ሞተ እባብ ተጋድሟል።
አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። "ጥሩ ምርጫ ነው" አልኩ፤
ትራንስፎርመሩ ወዳለበት፣ ወደ ታችኛው ካቢኔት ራሴን አስገባሁ፣
ሥራ ያለኝ መስዬ።

እዚያ ጨለማ ውስጥ የድንቹ ልጣጭ መጣብኝ።
ሻይ ስትቀዳ ስኒው አፍ ላይ የምታሳርፋት ጣት፤
"ጋዜጣውን አንተ አንብብልኝ፣ ድምፅህ ደስ ይለኛል" ያለችበት ቀን፣
እኔም በሰባ አንድ ዓመቴ ተሽኮርምሜ ያነበብኩላት!
ጨዉ፣ ከምድጃው ግራ አርባ አራት ዓመት እዚያው የኖረ፣
በእኔው እጅ፣ ለውበት ሲባል፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀበረ።
ቤቷን በጣቷ ታውቀው ነበር። እኔ አደስኩላት።

"ታይስቶ።"
"አቤት።"
"መካከለኛው አልበራም ነበር፣ አይደል?"
ብሎኑ ከእጄ አመለጠ፤ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ሁለታችንም ሰማነው።
"አልበራም።"
"ልትነግረኝ ትችል ነበር።"
"አንቺም።"
ከዚያ ሳቀች፤ ወይም አለቀሰች፤
ካቢኔት ውስጥ ሆኖ ለሚሰማ ሰው አይለይም።

በማግሥቱ ቬሳ ዘንድ ተመለስኩ። "አራት ሺሁን፣ እጥፍ አድርገህ።"
ቦዩን ከግድግዳው ዳር ነቅዬ ወደ ፊት ጠርዝ አመጣሁት፤
ብርሃኑ ድንጋዩ ላይ ሳያንጸባርቅ እጇ ላይ ይረፍ ብዬ።
አንዱን ቀዳዳ አጣምሜ በሳሁት፤ እስካሁን ጠማማ ነው፤
እንግዳ መጥቶ ቢያይ ይየው።
ማብሪያው ላይ እሷ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረገችበት፤
ሲደርቅ ጉብታ ሆነ፣ ጣቷ የሚያውቀው።
ጨዉም ወደ ምድጃው ግራ ተመለሰ።
ከበሩ ንጣት ጋር አይሄድም። አይሂድ።

አሁን ዘጠኝ ተኩል ሲል ማብሪያውን ታሾረዋለች፤
መክተፊያው ላይ ጎንበስ ትላለች።
"ሽንኩርቱን አላየሁትም" አለችኝ ትናንት፣
"ጥላውን ግን አየሁት፤ ክብ፣ ጥቁር፣ ቁጭ ብሎ።
ቢላዋዬን በጥላው ልክ አወረድኩት።"

ጋዜጣው እጄ ላይ ነበር። ይህ ነው የሚባል ወሬ አልያዘም።
የመርከቦቹን መግቢያ ሰዓት ጮክ ብዬ አነበብኩላት።